የዐወድ አፍ መፍቻ ዜማ

ዐወድ የፊት ጥርሶቹን ያጣው ጦር ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ለወሬም ይመች ነበር። ያጣቸው ግን አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ፣ ማንጎ የጫነች ባጃጅ ኩርባው ላይ ስትገለበጥ፣ እሱም ከማንጎው ጋር አብሮ ሲንከባለል ነው። እጅ እግሩ ደህና ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ “አልሐምዱሊላህ፣ በጥርስ አለፈ” እያለ አጽናናው፤ ሚስቱም ገንፎ እያገነፋች አበላችው። ለመብላትስ ጥርስ ባይኖርም መላ አይጠፋም። ዙምባራ ለመንፋት ግን መላ አልተገኘም።

ዙምባራ የበርታ ሰዎች ቅል ከቅል እየቀጠሉ የሚሠሩት ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ነፊዎቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል ያደርጋል፤ ዜማው የሚሰማው የሁሉም ሲደማመር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእነዚህ ሰዎች ነው ብል ማንም አይታዘበኝም። የዐወድ ድምፅ የአባቱ ነበረች። አባቱ ሲሞት መለከቱን ከነድምፁ ወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ድምፅ ነፍቶ አያውቅም።

ታዲያ ልጁ ዐርዋ ማሽላው ሲሰበሰብ ልትዳር ነው። በእነሱ መንደር የዙምባራ ነፊ ልጅ ከቤት የምትወጣው አባቷ ከነፊዎቹ መካከል ሆኖ ድምፁን እያሰማ ነው። ዐወድን ከጥርሱ በላይ ያንገበገበው ይሄ ነው። የነፊዎቹ መሪና አብሮ አደጉ አብዱልሐሚድ አንድ ቀን መለከቱን ሰጥቶ ሞከረው። በጥርሱ ክፍተት ነፋስ ብቻ ሾልኮ ወጣ፤ ልጆች ሳቁ። አብዱልሐሚድ አልሳቀም። ግን ለሠርጉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ቢቀመጥ እንደሚሻል፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደማይሰጥበት፣ ክፍቱን እንደሚተውለት ነገረው። ዐወድ እሺ ብሎ ሄደ። መንገድ ላይ አለቀሰ፤ ምን ይደበቃል።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ስልኩን ሊያሠራ ጉዲና ዘንድ ገባ። ጉዲና ቤተሰቦቹ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ፣ አሶሳ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚያጅብ ወጣት ነው። ዐወድ ሲገባ ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ ነበር። ክሮቹን በእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርጎ፣ በግራ እጁ የተወለወለ ብረት ላያቸው ላይ እያንሸራተተ፣ በቀኙ ይመታል። ስቲል ጊታር ይሉታል። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይሳባል። ዐወድ ስልኩን ረስቶ ቆመ።

“ይሄ ነገር ጥርስ ይፈልጋል?” ሲል ጠየቀ።

ጉዲና ሳቀና የሚፈልገው ጭንና ትዕግሥት ብቻ መሆኑን ነገረው። ትዕግሥቱ የማን እንደሆነ ግን አልገለጸም፤ ኋላ ሲታይ የአስተማሪው ነበር።

ጉዲና ዘንድ ስቲል ጊታር የሚማር ሁሉ አፉን የሚፈታባት አንዲት ዜማ አለች። ለመዘምራኑ ልጆች ራሱ ያወጣት፣ ጥቂት ድምፆች ወጥተው የሚወርዱባት አጭር ዜማ ናት። ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ ጊታሩ አንገት ላይ በእስክሪብቶ አመልክቷል። ሕፃን ልጅ እንኳ በሳምንት ይወጣታል። ዐወድ ግን ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱን መርጦ አንዴ ይመታል፤ ከዚያ ብረቱን አንሥቶ ይጠብቃል። “ይቀጥሉ” ሲባል በትሕትና አንገቱን ይነቀንቃል፤ አይቀጥልም። ዜማው በሐሳቡ ዞሮ እዚያው ሲደርስ፣ ቅንጣት ሳይዘገይ፣ ያችኑ ድምፅ ይመታል። ጉዲና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ራሱን ሲያጽናና ከረመ። እንቁላሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ገበያ በዋለ ቁጥር ዐወድ መጥቶ ያችኑ አንዷን መትቶ፣ ደስ ብሎት፣ አመስግኖ ይሄዳል።

በመጨረሻ የጉዲና ትዕግሥት አለቀ።

“ጋሽ ዐወድ፣ እጅዎ እኮ ይችላል። ሌሎቹን ለምን አይነኳቸውም?”

“የእኔ ይሄ ነው፤ ሌላው የሰው ነው” አለ ዐወድ፤ እንዲህ ግልጽ ነገር መጠየቁ ገርሞት። “ያኛው የአብዱልሐሚድ ነው። ያ ደግሞ የአንድ ሟች ነበር፣ አሁን የልጁ ነው። የሁሉንም ሰው ድምፅ እኔ ብቻ ልብላ? ሐራም ነው፣ ወላሂ።”

ጉዲና ተናደደ። ዜማዋን ያወጣት እሱ መሆኑን፣ አብዱልሐሚድ የሚባል ሰው በውስጧ እንደሌለ አስረዳ። ዐወድም ለአስተማሪው ክብር ሲል አንዴ ሌላ ምልክት ሞከረ፤ ወዲያው የሰው እርሻ ገብቶ እሸት ሲሸለቅቅ እንደተያዘ ሰው ብረቱን ጥሎ እጁን ሸሸገ። ጉዲና ይህን ሲያይ ንዴቱ በረደ። ከልቡ አዘነለት። እንግዲያው የእርስዎን ብቻ እንማር አለና ያችን ምልክት አጉልቶ ደገማት። ከዚያ በኋላ እሱ በሌላ ጊታር ዜማውን ሲጫወት ዐወድ ቦታውን እየጠበቀ አብረው ሰነበቱ።

አብዱልሐሚድ ነገሩን ሲሰማ ጊታሩን ገልብጦ አየው፣ አንዱን ክር ነካ አደረገው፣ በሠርጉ ቀን እንሰማዋለን ብሎ መለሰው።

የሠርጉ ቀን ነፊዎቹ ዐወድ ደጅ ላይ ክብ ሠሩ። ዐወድ በራሱ ቦታ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ጉዲና ትንሿን ስፒከር ከኋላው አኖረለት። ሙሽራዋ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። መለከቶቹ ጀመሩ። ዐወድ ተራውን ጠብቆ ብረቱን የጉዲና ምልክት ላይ አሳርፎ መታ።

ሰዓቱን አልሳተም። ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም። የቅሎቹ ድምፅ ሌላ፣ የክሩ ድምፅ ሌላ ሆነ፤ ምልክቱ የተሠራው ለጉዲና ዜማ እንጂ ለዙምባራ አይደለም፤ ይህን ጉዲናም ዐወድም አላሰቡትም። የነፊዎቹ አንገት ዞረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን አጨማደደ። ዜማው ዞሮ መጣ፤ ዐወድ ብረቱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ፤ የባሰ ሆነ። ልጁ ያለ አባቷ ድምፅ ልትወጣ ነው፣ እሱም በሰው ፊት ሊዋረድ ነው። አብዱልሐሚድ መለከቱን እየነፋ ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም፤ በዚህ ዙር ካልሆነ በዓይኑ ጠቅሶ ጊታሩን ማስቆሙ አይቀርም።

ዐወድ የእስክሪብቶውን ምልክት ማየት ተወ። ከእሱ በፊት የሚነፋውን ሰው ሰማ፤ ከእሱ በኋላ የሚነፋውን ሰማ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሁለቱ መካከል ነው የቆመው። ተራው ሲደርስ ክሩን መታና ብረቱን ከምልክቱ አሻግሮ ገፋ። ድምፁ ተስቦ ወጣና፣ ምንም ምልክት ከሌለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። የአባቱ ድምፅ ነበረች፤ ራሷ ናት።

አብዱልሐሚድ መንፋቱን ሳያቋርጥ ግማሽ እርምጃ ወደ ዐወድ ተጠጋ፤ ክቡ ጠበብ አለ። ዙሩ መጣ፣ ዐወድ መታ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ መታ። ጉዲና ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ጠረገ።

በሩ ተከፈተ። ዐርዋ ወጣች። እንደ ሙሽራ ወግ አንገቷን ደፍታ ቀስ አላለችም፤ ሴቶቹን ወደ ኋላ ጥላ ቀጥ ብላ አባቷ ፊት መጥታ ተንበረከከች።

“ያስቆዩኝ ሴቶቹ መስለውህ ይሆናል፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት” አለችው በቋንቋቸው። “ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ ብቻህን ስትለማመድ የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው። ዘፈኑ ማለት እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር። አሁን ሁሉም ሲነፋ ሴቶቹ ‘ውጪ፣ ጀምሯል’ አሉኝ። ገና አልጀመረም አልኳቸው።”

ዐወድ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ተራው ደርሶ ነበር፤ ብረቱን ገፋ።