እሳቱን ማን ቆሰቆሰው?

ፊሎሜና ብንን ስትል መጀመሪያ ያየችው እሳቱን ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ረጅሙ የሮቃ ግንድ ጫፉ ፍም ሆኖ ቀጥ ባለ ነበልባል ይነዳል። አመዱ ወደ ጎን ተጠርጓል። ግንዱ ደግሞ ማታ ከነበረበት አንድ ክንድ ያህል ወደ ፍሙ ገብቷል።

እሷ አልነካችውም። እሷ ወንበሯ ላይ ተኝታ ነበር።

መተኛቷን ስትረዳ ልቧ ክፉኛ ደነገጠ። አባቷ ታታንግ ኤውሴብዮ ከሞቱ ሁለተኛው ንጋት ነው። አስከሬናቸው ሳሎኑ ውስጥ፣ በነጭ ሣጥን፣ ከኢየሱስ ሥዕል በታች ተጋድሟል። እስኪቀበሩ ድረስ ዓይኗን ላትከድን፣ እሳቱንም ለማንም ላትሰጥ ለራሷ ምላ ነበር። መሐላው ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም።

በወንዙና በባሕሩ መካከል ባለው በዚህ መንደር ሰው ሲሞት ደጁ ላይ ግንድ ይለኮሳል፤ ሟቹ እስኪቀበርም አይጠፋም። ከጠፋ ነፍሱ መንገዱን ትስታለች፣ ከቤቱም ሌላ ሰው አስከትላ ትሄዳለች ይባላል። የሰበካው ቄስ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ የእሳቸው እናት የሞቱ ጊዜ ግን ግንዱ ስምንት ቀን ነዷል። እሳቱን መጠበቅ ታዲያ የጎረቤት ሥራ ነው። ሐዘንተኛ እንጨት አይሸከምም፣ አመድ አይዝቅም። ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ያቀረቡለትን ይበላል። ሜና ግን (ሁሉም የሚጠራት እንዲህ ነው) ፍልጥ ይዘው የመጡትን ጎረቤቶች «እኔ አለሁ» እያለች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ሰዎቹ ቅር አላቸው፤ ግን የኤውሴብዮ ልጅ ናትና አልገረማቸውም።

በረንዳው ላይ ካርታ ሲጫወቱ ያነጉት ወንዶች ዓይናቸው ቀልቷል። ወንድሟ ናልዶ አግዳሚው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ከላዋግ ከተማ ከመጣ ጀምሮ ወይ ይበላል ወይ ያንኮራፋል።

«እሳቱን ማነው የነካው?» አለቻቸው።

ባጃጅ ነጂው ካርዲንግ ከካርታው ቀና አለ። «አንቺ ነሻ።»

«እኔ ተኝቼ ነበር።»

«ሜና፣ ከአመዱ ዳር ቆመሽ በዓይኔ በብረቱ አይቼሻለሁ። ጨርቅ ተከናንበሽ ነበር። እንዲያውም ጠርቼሽ ዞር አላልሽም።»

ሌሎቹ ሳቁ። የሸንኮራው ጠጅ፣ ባሲው፣ ነው ያየልህ አሉት። ካርዲንግ ግን አልሳቀም። ሜና ራሷን ዳበሰች፤ የተከናነበችው ጨርቅ አልነበረም። ካርዲንግ ወንበሩን ብድግ አድርጎ ጀርባውን ለእሳቱ እንዳይሰጥ አዙሮ ተቀመጠ።

ቀን ሲሆን ሴቶቹ መጡ። የተቆላ ሩዝ እንደ ቡና አፍልተው፣ ብስኩት በሳህን አዙረው፣ ከሣጥኑ አጠገብ ተደርድረው ሹክሹክታውን ያዙት። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። አንዷ ነፍስ ነው አለች። ሌላዋ፣ ነፍስስ ከሆነ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ኤውሴብዮ ለገዛ ለቅሶው እንኳ ሰው አያምንም አለች። ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑት። ሜና ሰምታለች፤ አልከፋትም። ምን ይከፋታል፣ እውነት ነው።

ይህን ቤት አባቷ ብቻቸውን ነው የሠሩት። ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻቸው አመላለሱት። ዋናው ወራጅ የሚሰቀል ቀን ስምንት ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው መጥተው ነበር፤ ምሳ ጋብዘው ሸኟቸው። ከዚያ ወራጁን ብቻቸውን በገመድ ሲጎትቱ አምልጦ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ወሰደው። ጣቱን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እናቷ ስትሞት ሜና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አክስቶቿ ልብሷን እንስፋላት ሲሉ አባቷ አይሆንም ብለው ራሳቸው ሰፉላት። አንደኛው እጅጌ ከሌላው በአራት ጣት ይረዝም ነበር። በዚያ እጅጌ አንድ ዓመት ሙሉ ተስቆባት ተማረች፤ ግን ኮርታበት ነበር። «ከራስ ክንድ ሌላ ዘመድ የለም» ይሏት ነበር፤ እሷም ቃሉን እንደ ጸሎት ያዘችው።

ሦስተኛውን ሌሊት ዓይኗን በምራቅ እያሸች አሳለፈችው። በአራተኛው ግን ዘዴ አመጣች። የዓሣ መረብ የሚሠራበት ጠንካራ ክር ወስዳ አንዱን ጫፍ ከግንዱ፣ ሌላውን ከእጅ አንጓዋ ጋር አጥብቃ አሰረች። ግንዱን የነካ ሰው እሷንም ይጎትታል። ድንገት ሸለብ ቢያደርጋት እንኳ ሌባው አያመልጣትም። በልቧ «ሌባ» ነው ያለችው፤ ምን እንደተሰረቀባት ግን አታውቅም።

ሲነጋ ነቃች። ግንዱ አንድ ክንድ ገብቷል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ክሩ ጭኗ ላይ ነበር፤ እንደ አዲስ ልቃቂት በሥርዓት ተጠቅልሏል። አልተበጠሰም፣ አልተቃጠለም። ከአንጓዋም ከግንዱም ተፈትቷል።

ናልዶ ክሩን አገላብጦ አየና «በእንቅልፍ ልብሽ ፈትተሽው ይሆናላ፣ ማናንግ» አለ። ታላቅ እህቱን የሚጠራው እንዲህ ነው። ሜና እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። ጥቀርሻ የለባቸውም፣ አመድ የለባቸውም። ናልዶ እጆቿን አየ፣ እሳቱን አየ፣ ከዚያ ቁርሱን ትቶ ወደ ሣጥኑ ሄዶ ተንበረከከ። ከመጣ ጀምሮ ሲንበረከክ ያየችው ያን ቀን ነው።

ሜና ፈራች። የፈራችው ግን መንፈስ አልነበረም፤ መንፈስማ ከሆነ አባቷ ናቸው፣ ምን ያደርጓታል። የፈራችው እሳቱ ያለ እሷ መንደዱን ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሌሊት ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ የአባቷን እጅ ይዛ ነበር። በአራተኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንገቷ ደፋ አለ። ቀና ስትል እጃቸው በእጇ ውስጥ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ገድላቸዋለች። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በልቧ ይህ የተዘጋ ጉዳይ ነበር፤ ብትነቃ ኖሮ ይኖሩ ነበር። እሳቱ ግን እሷ ተኝታ የሚነድ ከሆነ የሠራችው ሁሉ፣ ስድስቱ ዓመት፣ ምን ነበር?

አባቷ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ነው የተኙት። አንድ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ ድንገት ወድቀው ግማሽ አካላቸው በድን ሆነ። ሜና ስፌት ቤቷን ዘጋች፣ ያጫትን ሰው ሸኘች፣ አባቷን ታጥብ፣ ታበላ፣ ትሸከም ጀመር። የአባቷ የአጎት ልጅ ናና ባሲልያ ቅዳሜ ቅዳሜን ለእኔ ተዪልኝ ብለው ሦስት ጊዜ ለመኗት፤ ሦስቴም እምቢ አለች። አባቷ በመጀመሪያው ዓመት ማንኪያውን እየወረወሩ ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ቀን ወደ ደጅ ተሸክማቸው ስትወጣ አዳለጣትና አብረው ጭቃ ውስጥ ወደቁ። ታታንግ ኤውሴብዮ በተጣመመ አፋቸው ሳቁ። ሳቃቸው አላባራ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰውዬው ተለወጡ። የመጣላቸውን ሁሉ እሺ ብለው ይቀበላሉ። አንድ ከሰዓት እግራቸውን ስታጥብ፣ «ሜና፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ኢየሱስን እርዳኝ፣ እርዳኝ አልኩት። አንድ ቀን እንኳ ቦታ አልለቀቅኩለትም» አሏት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምን ምርጫ አለኝ፣ ይሸከመኛል።»

ወገቧ እየተቆረጠ ነበርና ንዴቷ አመለጣት። «ዛሬ ጠዋት የተሸከመዎት ኢየሱስ ነው ወይስ እኔ?»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። «በአንቺ እጅ ነዋ። የደከመሽ ብቻሽን የሆንሽ እየመሰለሽ ነው» አሉ። የሰነፍ ሃይማኖት ነው አለች በልቧ፤ ለሰው ቢነግሩት ግን ባፈረች ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ከባሕሩ በኩል ዝናብ መጣ። ሜና እልህ ይዟት ነበር፤ ያ የማይታይ እጅ ከመድረሱ በፊት ሁሉንም እሷ ልትሠራው ቆርጣ ነበር። ቆርቆሮ ጎትታ በድንጋይ ላይ ከደነችበት፣ ጭራሮ ጨመረች፣ የኮኮናት ልጣጭ ጨመረች፣ ተንበርክካ እፍ አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስትቸኩል ፍሙን በቆርቆሮው ጫፍ በተነችው። በታገለች መጠን እሳቱ እየደከመ ሄደ። ነበልባሉ ጠፋ፤ ጭሱ ጠቆረ። በረንዳው ላይ ሃያ ሰው ቆሞ ያያል። ማንም አልወረደም፤ እሷው ናት መልሳ የላከቻቸው። ናልዶ ሊወርድ ሲል በቁጣ ዓይን አስቆመችው።

ናና ባሲልያ ግን ወረዱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለቅሶው ላይ ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በዝናቡ ውስጥ ቀስ ብለው መጥተው ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ተይው፣ ልጄ።»

«አልችልም፣ ናና። ከጠፋ ደግሜ ገደልኳቸው ማለት ነው።»

ወጣ በመጨረሻ። አሮጊቷ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ገብቷቸዋል።

«አባትሽ ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ሾርባ ይዤ መጥቼ ነበር» አሉ። «አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወጥተሻል። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ባሲልያ፣ ልጄ ጨብጣኝ መሄድ አቃተኝ። እንድትተኛ ኢየሱስን አብረሽኝ ለምኚልኝ› አለኝ። ለመንን። ሊነጋ ሲል ተኛሽ።»

ሜና እጇ ላይ ያለውን መቆስቆሻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ዝናቡ ከአገጯ ይንጠባጠባል። «ብቻቸውን ሞቱ» አለች።

«ብቻውን?» አሉ ናና ባሲልያ። «አንቺ ስትተኚ ቤቱ ባዶ ይሆናል?»

መቆስቆሻው ከእጇ ወደቀ። ጣለችው ወይስ አመለጣት፣ እሷም አታውቅ። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ናልዶ ሲያነሳት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ተሸክሟት ደረጃ ስትወጣ፣ ምን ያህል እንዳፈረች ነው። አንድ ቀን ከሌሊት ሙሉ ተኛች።

ስትነሣ በመስኮት አየች። ግቢው ጭቃና ኩሬ ሆኗል። የማንጎው ዛፍ ይንጠባጠባል። ግንዱ ቀጥ ባለ ነበልባል ይነዳል።

ካርዲንግ ሳትጠይቀው ነገራት። ዝናቡ ጋብ እንዳለ ደረቅ ፍልጥ ይዘው አራት ሆነው ወርደው ነበር። ሲደርሱ ይነዳል። ቆርቆሮው ከላዩ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በጭቃው ላይ የናና ባሲልያ፣ የናልዶና የእሷ ዱካ ብቻ ነው የነበረው። ካርዲንግ ይህን ሲነግራት ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ነበር። ሜና «እሺ» ብላው ሩዝና ዓሣ ያቀረቡላትን ቁጭ ብላ በላች፤ ከዚያ በኋላ እንጨት የሚጨምሩት ጎረቤቶቹ ሆኑ።

ታታንግ ኤውሴብዮ በስምንተኛው ቀን ተቀበሩ። ሣጥኑን ስምንት ወንዶች ተሸከሙት፤ ሜና ከኋላ ባዶ እጇን ሄደች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት መንገዱን በሙሉ ታሻሻቸው ነበር። አለቀሰችም፤ ስምንት ቀን የዘገየ ልቅሶ ነበርና ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ።

በማግስቱ ማለዳ ወንዝ ወረዱ። ሐዘንተኛ በቀብር ማግስት ራሱን በተቃጠለ የሩዝ ጭድ ውሃ ይታጠባል፤ በገዛ እጁ ግን አይታጠብም፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው የሚያጥበው። ናልዶ ቀድሞ ታጥቦ ዳር ላይ ይንቀጠቀጣል። ሜና እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለናና ባሲልያ ሰጠች። አሮጊቷ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ናቸው። ወደ ኋላ ጋደም በይ አሏት። ጋደም አለች፤ ማጅራቷ ሥር ቀዝቃዛ መዳፍ ተቀበላት። አንገቷን ግን እንዳደነደነች ነበር፤ ሸክሟ አሮጊት ላይ እንዳይወድቅ።

ጥቁሩ ውሃ ግንባሯ ላይ ፈሰሰ። ዓይኗን ገለጥ ስታደርግ ትልቁ ጣሳ ከበላይዋ ነበር። ከብዷቸው ኖሮ የናና ባሲልያ ሁለት እጆች ግራና ቀኝ ይዘውታል።

መዳፉ ከማጅራቷ ሥር አልተነቃነቀም።

ዞር ብላ ልታይ አንገቷን አቃናች፤ ዳር ላይ ያለው ወንድሟ ብዙ እርምጃ ይርቃል። ሌላ ሰው ውሃው ውስጥ የለም። ከዚያ ዓይኗን ከደነችና የራሷን ክብደት ሁሉ ለቀቀችው።