ቡፌ ውስጥ የገባው መላጊያ

ውርስ የተካፈልን ቀን ታናሽ እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታችንን መላጊያ። አባታችን አናጢ ነበር። እሷም አሥራ አንድ ዓመት አብራው እንጨት ስትልግ የኖረች አናጢ ናት። እኔ ሶፋ ሻጭ ነኝ። ተራ ሶፋ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ የሸጥኩት ላይ አንዴ የተቀመጠ ሰው እስካሁን አልተነሳም። «በኩር እያለ የቤት ቅርስ ለታናሽ አይሰጥም» ብዬ ወሰድኩት። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

ቡፌ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለእንግዳ ሁሉ መቶ ዓመቱ ነው እላለሁ፤ እንግዳው አፉን ከከፈተ ሁለት መቶ ይሞላዋል። አንድ ቀን ጎረቤቴ መነጽሩን ሰክቶ አገላበጠውና እጀታው ላይ ያለችውን ጎድጓዳ አየ። ምስጥ ሳይበላው አልቀረም አለኝ። የእኔን ቅርስ ምስጥ! በማግስቱ ጎድጓዳዋን በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ ሙሽራ አበራ።

ባለፈው እሑድ እህቴ መጣች። እንድትደነቅልኝ አውጥቼ ሰጠኋት። ሳታየው አውራ ጣቷን እጀታው ላይ አሳረፈች፤ ተንሸራተተባት። ደግማ ሞከረች።

«የአባዬ ጣት እዚህ ጋ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሥራ ሲያስተምራት ጣቷን እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቶ፣ የራሱን በላዩ ጭኖ ነበር የሚገፋው። ዕድሜ ልኩን እየገፋ ያጎደጎዳትን ነው እኔ በአንድ ከሰዓት የደፈንኩት። በጎረቤቴ ላላክክ አሰብኩ። ከአፌ የወጣው ግን «አላማረበትም?» የሚል ሆነ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«አምሮበታል፣ ወንድም ጋሼ» አለች። ራሷ ቡፌው ውስጥ መለሰችው፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ስቱኮውን በቢላ ልፈልፍል ብዬ ጭራሽ እንጨቱን ቧጨርኩት። ማክሰኞ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሥራ ቦታዋ ወሰድኩላት። ሠራተኞቿ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። እዚያው ፊታቸው፣ ምንም ሳልጨምር፣ የደፈንኩትም የቧጨርኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ያንቺ ነበር፣ በውሸት ነው የወሰድኩብሽ አልኩ።

ጋዜጣውን ፈታችው። የተቧጨረውን በጣቷ ዳሰሰች።

«እንደ ድሮው አይመለስም» አለች።

ከዚያ ጣውላ ላይ አሳርፋ መላግ ጀመረች። ጣቷ ይንሸራተታል፤ ትመልሰዋለች፤ ደግሞ ይንሸራተታል። ተቀመጥም ሂድም ያለኝ የለም። ሰጋቱራው ላይ ቆሜ አየሁ።