ለገዢው የተቀመጠ ላስቲክ

ቶልቂን መኪናውን ከፋብሪካ ካወጣት አራት ዓመቱ ነው፤ የወንበሮቿና የበሮቿ ላስቲክ ግን ዛሬም አልተነሳም። አንድ ቀን የሚገዛት ሰው አዲስ ናት እንዲል ነው፤ ናማንጋን ከተማ ውስጥ ማን የመኪና ላስቲክ ይልጣል? ሚስቱ ማቭጁዳ በየበጋው ወንበሩ ላይ እየተጣበቀች ለዚያ ለማይታወቅ ሰው ስትቀቀል ኖራለች።

አሁን ደግሞ የፋብሪካው ስፒከር ያንቋርራል ብሎ ከገበያ ርካሽ አሮጌ ስፒከር ገዛ፤ በማቭጁዳ በኩል ባለው በር ራሱ ገጠመና ላስቲኩን በጥንቃቄ መልሶ አለበሰው። ወደ ማቭጁዳ እናት ቤት ሲሄዱ ዘፈን ከፈተ። ያው ጥዝዝ ይላል።

"ሻጩ ሸውዶኛል" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሚንጫጫው እኮ ላስቲኩ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ስፒከር ምን ታውቂያለሽ?"

ማቭጁዳ ለእናቷ ከያዘችው ሐብሐብ ጋር የነበረውን ቢላ አነሳችና በእሷ በኩል ያለውን የበር ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ዘፋኙ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል ድምፁ ጥርት አለ።

ቶልቂን መኪናዋን ጥግ አስያዘና ዘፈኑን ዘጋው። ፕላስተር ፈልጎ የተቀደደውን ይለጥፍ ጀመር።

"አሁን ገዢውን ምን ልበለው?" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"ዘፈኑንም እሱ ይስማዋ" አለችና ሐብሐቧን ታቅፋ በእግሯ ሄደች።