ጠያቂ በየት በኩል ይገባል

ልጄን የፈለገ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ይምጣ አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው፤ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም። “ውባንቺ ለይቶላት አበደች” የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ለንደን፣ አርችዌይ ያለው ሕንፃችን አንድ ነው፣ በሩ ግን ሁለት። በዋናው መንገድ በኩል ያለው የመስታወት በር ነው፤ ውስጡ ሶፋ አለ፣ አበባ አለ፣ ኮንሲየርጅ የሚሉት ከረባት ያሰረ ዘበኛ አለ። ቤቱን ገዝተው የሚኖሩት በዚያ ይገባሉ። እኛ ካውንስሉ፣ የወረዳው አስተዳደር፣ በኪራይ የመደበን ደግሞ ሕንፃውን እንዞርና፣ በጠባቡ መተላለፊያ ቆሻሻ ገንዳዎቹን አልፈን የብረቱን በር እንከፍታለን። ሊፍቱም ለየብቻ ነው፤ የእነሱ መስታወት አለው፣ የእኛ በሳምንት አንዴ ይታመማል። አራተኛ ፎቅ ላይ ከገዢዎቹ ጋር ግድግዳ እንጋራለን፤ ቴሌቪዥናቸው ሲከፈት ይሰማኛል። እነሱ ጋ ለመድረስ ግን መውረድ፣ መዞር፣ እንደገና መውጣት ነው። ይህን ያቀደው ሰው ተምሮ መመረቁ ይገርመኛል።

ፍቅርተማርያም የምትኖረው በመስታወቱ በኩል ነው። ከእሷ ጋር ትውውቃችን የዛሬ አይደለም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግሥት አገር ጥለን ስንወጣ ሆሎዌይ አንድ የስደተኛ ማረፊያ ውስጥ ነው ያስገቡን፤ ምድጃው አንድ፣ መታጠቢያው አንድ። የእሷ ዘርይሁንና የእኔ ኂሩት በአንድ ሳህን በልተው ነው ያደጉት። ኋላ እሷና ባሏ ሱቅ ከፈቱ፣ አንዱ ሱቅ ሦስት ሆነ። ሠርታ ነው ያገኘችው፤ አልሰረቀችም፣ እኔም አልቀናሁባትም። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። ያን የሚያህል ባለ ፎቅ አውቶቡስ ይዤ ሆሎዌይ ሮድን ሳቋርጥ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልጆቹ ትልልቅ ሰዎች ሆኑ። ኂሩት ፋርማሲስት፣ ዘርይሁን አካውንታንት። “ልንጋባ ነው” ሲሉን እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ተቆረጠ። እንግዲህ በእኛ ደንብ ደጅ የሚጠናው የወንዱ ወገን ነው። ባለጠጋም ይሁን ባለሥልጣን፣ ለልጁ ሚስት የፈለገ ሰው ሽማግሌ ይዞ የሴቷ ወላጆች ቤት ሄዶ ይቆማል።

ሐሙስ ዕለት ፍቅርተማርያም ደወለች።

“ውቤ፣ የእሑዱን ለምን እኛ ቤት አናደርገውም? ሳሎኑ ሰፊ ነው። ለኮንሲየርጁ ነግሬዋለሁ፤ እናንተም በፊት ለፊቱ በር ትገባላችሁ።”

“የሴት ወላጅ ሽማግሌ ፍለጋ ሲሄድ የት ነው ያየሽው?”

“ዘመኑ ተለውጧል እኮ። ደግሞ ጋሽ ሰይፈሥላሴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚያ በ… በዚያ በኩል…”

“በየት በኩል?”

ቃሉን ዋጠችው። የሽማግሌዎቹን መሪ ጋሽ ሰይፈሥላሴን አውቃቸዋለሁ፤ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው የሚያስቀድሱ ሰው ናቸው።

“በቆሻሻው በኩል በይው እንጂ፣ ፍቅርተ። እኔ በየቀኑ አልፍበታለሁ፤ አልገደለኝም።”

“ለዘመዶቼ ሁሉ ልጅቷ ከእኛው ሕንፃ ናት ብዬ ነው የነገርኳቸው። እባክሽ አታሳፍሪኝ።”

ደሜ ፈላ። ምድጃ ተራ ጠብቀን ስንጠቀም አላፈረችብኝም ነበር። “ልጄን የፈለገ በበሬ ይምጣ!” ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ባለቤቴ ደግፌ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ደግፌ ብለው ስም ያወጡለት ሰዎች ሳያውቁት ነው፤ በክርክር አንድ ቀን ደግፎኝ አያውቅም።

“ተይ ውባንቺ። በር ምን ያደርግልሻል? የልጅቷን ዕድል አትዝጊባት።”

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” አልኩት። እሱም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

የኂሩት ግን ባሰ። “ማም፣ በር እኮ ነው! ጀስት ኤ ዶር! በአንቺ እልህ ዘሪን ልጣው? ሠርጌ ካንስል ከሆነ ኔቨር ይቅር አልልሽም” ብላ ክፍሏን ዘጋችብኝ። ይሄ አንጀቴን በላው። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። እሺ ልል ስልኩን አንስቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ዛሬ በፍቅርተማርያም በር ተፈቅዶልኝ ከገባሁ፣ ነገ የልጅ ልጄን ለማየትም ለዘበኛው ሊነገርልኝ ነው። ልጄም ያደገችበትን ቤት እየደበቀች ልትኖር ነው። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ፈርቼ ነበር፣ ግን አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ኂሩት እነ ፍቅርተማርያም ዘንድ ሄዳ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ማድ ቤት መጥታ ቆመች።

“እትዬ ፍቅርተ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? እናትሽ ካልመጣች ቤታቸው እየታደሰ ነው እንላለን፤ ሽማግሌዎቹ ከጠየቁሽ አንቺም እንደዚያ በይ አሉኝ።”

“አንቺስ ምን አልሽ?”

“ኦኬ አልኩ።” እንባዋ መጣ። “ኦኬ ብዬ ወረድኩ። ሰውዬው የመስታወቱን በር ከፍቶ ‘ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ፣ ሚስ’ አለኝ። ከዚያ ዞሬ እዚህ መጣሁ። ማም፣ የዚህ ቤት ምኑ ነው የሚታደሰው? ለፈተናዬ ሁሉ ያጠናሁት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው እኮ!”

“ዘርይሁንስ ምን አለ?”

“ምንም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ።”

አቀፍኳት። እንዳትከፋ ብዬ የዶሮ ወጡን ቅመም አቀመስኳት፤ በዛ አለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ለልጁ ደወለችለት። በግድግዳው በኩል የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ “ወይ በእኛ በር ትመጣለህ፣ ወይ አትመጣም።”

እሑድ ቤቱን አጽድቼ፣ ምግቡን ሸፍኜ፣ ደግፌን ሱፍ አልብሼ ተቀመጥን። ዝናብ ያካፋ ነበር። ኂሩት የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወደ በሩ ስትሄድ ደነገጥኩ።

“የምትጠየቅ ልጅ በዚህ ቀን ከቤት አትወጣም፤ ነውር ነው!”

“ዛሬ ትወጣለች” ብላኝ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሆነውን ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመኪና ሲወርዱ ፍቅርተማርያም “ግቡ፣ ግቡ” እያለች ወደ መስታወቱ በር ትመራቸዋለች። ዘበኛውም በሩን ይዞ ቆሟል። ልጄ መሐል ገብታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። “እንኳን ደኅና መጡ፣ ጋሽ ሰይፈ። የእናቴና የአባቴ ቤት በዚህ አይደለም፣ በኋላ ዞሮ ነው። በዚህ እንድንገባ አይፈቀድልንም” አለቻቸው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሕንፃውን ሽቅብ አዩት፣ ከዚያ ፍቅርተማርያምን አዩዋት። “የተላክነው ልጅቷ ቤት መስሎኝ?” አሉ። በትራቸውን አንስተው ልጄን ተከተሉ።

እኔ ያየሁት ከማድ ቤቴ መስኮት ነው። ልጄ በነጭ ቀሚስ ከፊት፣ ጋቢ የደረቡ አራት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ በገንዳዎቹ መሐል ተሰልፈው ይመጣሉ። ዘርይሁን የጋሽ ሰይፈሥላሴን ራስ በዣንጥላ ከልሏል፤ እሱ ራሱ በስብሷል። ፍቅርተማርያም በተረከዘ ረጅም ጫማዋ ውኃ የቋጠረውን እየዘለለች መጨረሻ ላይ ናት። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ሊፍቱ ያን ቀን ደኅና ነበር። ገቡ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ ፍቅርተማርያምና ልጇ በሩ ሥር ቆሙ።

“ተቀመጡ እንጂ” አልኩ።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ከዚያ እንደ ደንቡ ተናገሩ፤ የልጁን ወገን ጠሩ፣ የእኛን ቤት አከበሩ፣ “ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ደጃችሁ ቆመናል” ብለው አበቁ።

ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው። ሁሉም ሰው ጥድፊያ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ጠይቆ፣ እሺ ተብሎ፣ በልቶ ይሄዳል። ሁሉም ያንኑ እየጠበቀ እኛን ያያል። ደግፌም እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ጉልበቱን ያዝኩት። ብድግ አልኩ።

“ጥያቄያችሁን በአክብሮት ሰምተናል። ልጃችንን እንጠይቃለን፣ ዘመድም እናማክራለን። የዛሬ ሳምንት ለመልሱ ተመለሱ።”

“ውቤ!” አለች ፍቅርተማርያም። “የሠርጉ አዳራሽ እኮ ተይዟል!”

“ደንቡ ነው” አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፤ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። ዘርይሁን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና “እንመለሳለን፣ እትዬ ውባንቺ” አለ። ያ ልጅ ከሐሙስ ወዲህ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

በሩን ከፍቼ ያዝኩላቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አለፉ። ፍቅርተማርያም እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

“የዛሬ ሳምንት ኂሩት ወጥታ አትቀበላችሁም” አልኳት። “በሩን አሁን ታውቂዋለሽ።”