ኬላው በር ላይ የተነገረ መርዶ

የሙንዚር ወንድም ለአቻምየለህ የደወለው ማሽኖቹ ገና ሳይሞቁ ነበር።

«እናታችን አረፈች። ሙንዚር ስልኩን ቤት ረስቶት ነው የወጣው። ቶሎ ላክልን፤ ከቀትር በኋላ እንቀብራታለን» አለና ዘጋው።

አቻምየለህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነው። ሙንዚር ደግሞ ከኬብሮን ወዲህ ካለ የፍልስጤም መንደር ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ኬላው ላይ ተሰልፎና ተፈትሾ በየቀኑ የሚመጣ ሠራተኛው ነው። ማታም በዚያው ኬላ ይመለሳል።

ሌላ ሰው ቢሆን «እናትህ ሞተች፣ ሂድ» ብሎት ነገሩ ባለቀ። አቻምየለህ ግን የጎንደር ልጅ ነው። መርዶ እንዲህ በማሽን ጩኸት መሃል፣ በባዶ ሆድ፣ ዘመድ ሳይከብ ይነገራል? የገዛ እናቱ እንኳ ሱዳን በረሃ የቀረውን ወንድማቸውን ሞት የሰሙት እዚህ አገር ገብተው፣ ቤት ይዘው፣ ሽማግሌዎች ማልደው ደጃቸው ከቆሙ በኋላ ነው። በድንገት የሰማ ሰው ልቡ ይፈርሳል ሲባል እየሰማ አድጓል። ደግ ልማድ ነው፤ ግን ኬላ በሌለበት አገር የተወለደ ልማድ ነው።

ጭንቅ ሲለው ማሸጊያ ክፍል ወዳሉት ወደ እትዬ የሻሽወርቅ ሄደ። ለቅሶም ሠርግም የማይቀርባቸው ትልቅ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ምን ይሻለኛል ይላሉ?»

«እህል ሳይቀምስማ እንዳትነግረው! ሀፍሳካ፣ ለእረፍት ይውጣና ይብላ። ከዚያ ትንሽ አሟታል በለውና በመኪናህ አድርሰው። የቀረውን ወገኖቹ ይንገሩት።»

ምክር ለሰጪው መቼም ይቀላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አቻምየለህ ተቀበለ። እስከ እረፍት ሰዓቱን እያየ ተንቆራጠጠ። ሙንዚር ከሩቅ ፈገግ ሲልለት ፊቱን ወደ ማሽኑ ያዞራል። ዳቦውን በቲማቲም በልቶ እስኪጨርስ ጠበቀና ጠጋ አለው።

«ወንድምህ ደውሎ ነበር። እናትህን ትንሽ አሟታል። ተነስ፣ ላድርስህ።»

መኪናው ውስጥ ሙንዚር ስልክ ለመነው።

«ባትሪው አልቋል» አለ አቻምየለህ፤ በግራ እጁም ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ አጠፋው። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጎትታል።

«ደም ግፊቷ ይሆናል። ፋርማሲ ቁምልኝ፣ ኪኒኗን ልግዛላት።»

አልቆምም ቢል ምን ብሎ ያስረዳዋል? ቆመ። ፋርማሲው በሰው ተሞልቷል። ሙንዚር ከብዙ ቆይታ በኋላ መድኃኒቱን ይዞ ወጣ፤ ፊቱም በራ ብሎ ነበር።

«ነገ ከሥራ ልቅርና ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። አትቆጣኝም አይደል?»

«አልቆጣህም» አለ አቻምየለህ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበሏን ሲያይ ነዳጁን ረገጠ።

ኬላው ደጃፍ የሰው ሰልፍ እስከ መንገዱ ተርፏል። ሙንዚር አመስግኖት ወረደና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ፤ ከፊቱ ካለው ሰው ጋርም ወሬ ጀመረ። ይሄኔ ነው አቻምየለህ የሠራው ጥፋት የገባው። እናቱን ትንሽ ያመማት ሰው ተራውን ይጠብቃል። እናቱን የሚቀብር ግን ይለምናል፣ ይጮኻል፣ ሰውም ያሳልፈዋል። እሱ ራሱ እስራኤላዊ ስለሆነ ከብረት በሩ ወዲያ እንዲሸኘው አይፈቀድለትም። ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ሙንዚር! ዋሽቼሃለሁ። አርፋለች። ዛሬ ነው የሚቀብሯት፣ ሩጥ!»

ሙንዚር ዞሮ አየው። «መቼ ሰማህ?»

«ጠዋት።»

አልሰደበውም። በአረብኛ እየጮኸ ሰልፉን ሰንጥቆ ገባ፤ ሰዎቹም ግራና ቀኝ ገለል እያሉ አሳለፉት።

አቻምየለህ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። ቆይቶ ወንድምየው ደወለ።

«አሁን ገና ደረሰ። አፈር አልብሰናት ስንመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ምን ነካህ አንተ ሰው? ስንት ጊዜ ደወልኩ!»

መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር ሊል ቃጣው። ማን ያጣራል?

«ደብቄው ነው» አለ። «ቀስ ብሎ ይስማ ብዬ ነው።»

 ከወንድምየው ኋላ የሙንዚር ልቅሶ ይሰማል። አቻምየለህ፣ ከማዶ እስኪዘጉት ድረስ፣ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።