አያ አድማሴ ያረሙት መናፈሻ

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ አድማሴ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ከተማ እኛ ጋ ከመጡ ጀምሮ ቤታችን እንቅልፍ የለም። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ገብሳቸው ደግሞ ለአጨዳ እየደረሰ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሱ እያነሱ ይገላበጣሉ። እማዬ ነርስ ናት፣ ቃሏ አይታጠፍም። «ግፊቱ ካልወረደ አገር ቤት መሄድ የለም» አለቻቸው። ለኔ ደግሞ «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መናፈሻ ውሰጃቸው፣ ቁጭ ብለው አረንጓዴ ይዩ፣ ጭንቀት ያቀላል።»

እኔማ መናፈሻ ስባል ደስ አለኝ፣ ለፎቶ እንዴት እንደሚያምር እኮ። አያ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ እሾህ ያለ ይመስል ይቁነጠነጣሉ።

«ምነው ልዕልት፣ ይኼ ሁሉ ሰው ሥራ የለውም?»

«እያረፈ ነው አያ።»

«ምን ሠርቶ?»

ሴልፊ ልነሳ ጽጌረዳው ጋ ሄድኩ። ትንሽ ቆየሁ፣ እሺ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ጋቢያቸው ብቻ ነው። እሳቸው አበባ መደቡ ውስጥ ተንበርክከዋል፣ አጠገባቸው የተነቀለ ሳር ተከምሯል።

«ሙጃ ውጦት ነበር» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «አሁን ሸጋ ሆነ።»

ሙጃ አይደለም። ለጌጥ የተተከለ ሳር ነው። አትክልተኛዋ እትዬ አማረች መጥታ ባዶውን መደብ አየች፣ ክምሩን አየች፣ እኔን አየችኝ። እኔ ስልኬን አየሁ።

«አባቴ፣ ምን በደልኩዎ?»

«አረምኩልሽ እንጂ።»

«ተክዬው ነበር እኮ።»

አያ አንዷን ሳር አንስተው አገላበጧት። «ሙጃ ትተክያለሽ?»

«እተክላለሁ። አሁን እርስዎም ይተክላሉ። እስኪይዝ ድረስም በየቀኑ መጥተው ያጠጣሉ።»

ከዚያ ወዲያ ወደ መናፈሻ የሚጎትቱኝ እሳቸው ሆኑ። ከእትዬ አማረች ጋር ሲከራከሩ፣ ሲስቁ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመሻል፣ ማታ ሳይገላበጡ ይተኛሉ። እማዬ ግፊታቸውን ለካች፣ ማመን አቅቷት ደግማ ለካች። «አየሽ፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ እንዲህ ነው» አለችኝ። አያ ጥፍራቸው ውስጥ ያለውን አፈር ጋቢያቸው ስር ደበቁ።

ለአጨዳው ሲሄዱ፣ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ ስለ ገብሱ ትንፍሽ አላሉም። «ሙጃውን አደራ» ብቻ።

እኔ ደግሞ ፈተና ደርሶብኝ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፣ ውኃ ረጨት አድርጌ ልሮጥ ብዬ ሄድኩ። ሳሩ ይዟል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ነፋስ ሲነካው ይሽኮረመማል። እስቲ ትንሽ ብዬ ቁጭ አልኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ረሳሁት፣ እኔ። ሳወጣው አያ ደጋግመው ደውለዋል። መልሼ ደወልኩላቸው።

«ምነው አታነሺም?»

«ሥራ ላይ ነኝ አያ» አልኳቸው፣ አግዳሚው ላይ እንደተጋደምኩ።