ውድቅ የተደረጉት ወንበሮች

«አጎቴ፣ እነዚህን ወንበሮች ማን አውጡ አለዎት?»

ልጅቱ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ግቢው መሃል ቆማ ቀረች። አባቷን ከቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ለቀስተኛው የተቀመጠው ሟቹ ለኮሌጁ ሠርቶ ኮሌጁ «ጥራት የላቸውም» ብሎ በመለሳቸው ወንበሮች ላይ ነበር። ኮሌጁ ቅድሚያ ክፍያዬ ይመለስልኝ ብሎ ከሷል፤ ክርክሩ ሰኞ ይሰማል። ጠበቃዋም «ማስረጃ ናቸው፤ ከወርክሾፑ ንቅንቅ እንዳይሉ» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር።

«ታዲያ ሰው መሬት ላይ ይቀመጥ?» አለ አጎቷ። «የወንድሜን ወንበር ለወንድሜ ለቅሶ ካላወጣሁ ለመቼ ላስቀምጠው?»

ደሟ ፈላ። ነገር ግን ሽማግሌዎችን በለቅሶ መሃል ተነሱ አይባልም። ጥርሷን ነክሳ ሻዩን አዞረች።

አባቷን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለው ነበር። ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ ይቀመጥበትና በሁለት የኋላ እግሮቹ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፤ ሦስተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዝግታ። ሲጢጥ ካለ፣ ቫርኒሹ ደርቆም ቢሆን፣ መልሶ ይፈታዋል። ቫርኒሹን የምትቀባው እሷ ስለሆነች ስንቴ ተጣልተዋል! በሠርጓ ቀን እንኳ ከአማቾቿ መሃል ተቀምጦ ወንበራቸውን ሲያዳምጥ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወዳ ነበር። ለዚህም ሁለት ወር አኩርፋዋለች። አሁን ያ ሁለት ወር ያንገበግባታል።

ኮሌጁ ወንበሮቹን ሲመልስ የርክክብ ኮሚቴው ምክንያት «እንጨቱ አልደረቀም፣ መጋጠሚያው ሰው አይችልም» የሚል ነበር። ያን ቀን አብራው ሄዳ ነበር።

«አንዴ ቁጭ በሉበትና ፍረዱ» አላቸው አባቷ።

«እኛ ለመቀመጥ አልመጣንም» አለ የግዢ ኃላፊው፤ ቆሞ ፈረመና ሄደ። በየወንበሩ ጀርባም በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። አባቷ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነም። በመጨረሻው ሳምንት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው እንኳ፣ «ቁጭ ብለው አላዩትም እኮ» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያው የግዢ ኃላፊ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቅሶ መጣ። ገዘፍ ያለ ሰው ነው። ያጽናችሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፤ ስለ ሟቹ ደግነት ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተደገፈና እየተመቻቸ አወራ። ሰዉ ሳሳ ሲል ጠራትና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እህቴ፣ የሞተ ሰው ምን ይከራከራል? ወራሽ አንቺ ነሽ። ወንበሮቹ ጉድለት እንደነበረባቸው አንዲት መስመር ፈርሚ፤ እኛም ክሱን እንተዋለን። ለነፍሱም ዕረፍት ነው።»

ወረቀቱን አነበበችው።

«ተመቸዎት?»

«ምኑ?»

«የተቀመጡበት። ሁለት ሰዓት ሊሞላዎት ነው። እስቲ ይነሱና ጀርባውን ይዩት።»

ሰውየው ዞሮ አየ። በኮሚቴው ቀይ ቀለም፣ አርባ ሰባት።

«አባቴ አንዴ ቁጭ በሉበት ብሎ ለምኗችሁ ነበር» አለች ጮክ ብላ። «በሕይወት እያለ እምቢ ያሉትን ሲሞት መጥተው ተቀመጡለት። አልፈርምም! የአባቴ እጅ ጉድለት አልነበረበትም። ሰኞ እንገናኝ፤ ምስክር እንደሆነ ግቢ ሙሉ አለኝ።»

«እኔም አለሁ!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬበት ወገቤን አላመመኝም።»

የግዢ ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። አጎቷ በሹክሹክታ፣ «እኔ እንኳ ሰው እንዲቀመጥ ብዬ ነው እንጂ ማስረጃ ምናምን አላውቅም» አላት። ሳታስበው ሳቀች፤ አባቷ ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ለቀስተኛው ሲሸኝ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ጠርጋ ወደ ወርክሾፑ መለሰች። አርባ ሰባትን በመጨረሻ አስገባችና ተቀመጠችበት። ወደ ኋላ አዘነበለችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን ዓይኗን ጨፍና፣ በዝግታ።

ሲጢጥ እንኳ አላለም። ያን ጊዜ አለቀሰች።